ሱሰኛ እስረኛ መድኃኒቱን ለምን ይከለከላል?

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ወንጀል ሠርቶ ቢታሰር ኢንሱሊኑ ይቅርበት የሚል የለም። የሄሮይን ወይም የፌንታኒል ሱሰኛ ሲታሰር ግን በብዙ የአሜሪካ እስር ቤቶች የሚጠብቀው መልስ «ቻለው» የሚል ነው። ላብ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ቁርጥማት፤ ከሳምንት በኋላ ይበርድለታል። ጠባቂውም ቤተሰቡም «ተገላገለ» ይላሉ። አልተገላገለም።

ሰውነት እነዚህን መድኃኒቶች በለመደ ቁጥር መጠኑ ይጨምራል። እስር ቤት ሲቋረጥበት መላመዱ ይጠፋል፤ አምሮቱ ግን አንጎል ውስጥ ይቀራል። ሲፈታ የድሮውን ያህል ይወስዳል፤ ያ መጠን ደግሞ አሁን ትንፋሽ ያቆማል። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከ1999 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) የተፈቱትን የተከታተለ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዶ የመሞት አደጋቸው ከሌላው ነዋሪ 129 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል። አላህ ይጠብቀን!

መድኃኒት አለው። ሜታዶን በቀን አንዴ ይጠጣል፤ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ አምሮቱን ያስታግሳል፣ በልኩ ከተሰጠም አያሰክርም። ቡፕረኖርፊን ከምላስ ሥር ይሟሟል፤ ከተወሰነ መጠን በኋላ ትንፋሽን የማፈን ኃይሉ ብዙም አይጨምርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ሁለቱንም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል።

«ሱስን በሱስ መተካት ነው» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በየቀኑ የተለካ መድኃኒት ወስዶ ሥራውን የሚሠራ ሰውና መንገድ ላይ መርፌ የሚወጋ ሰው አንድ አይደሉም። እስረኛው ክኒኑን ደብቆ ይሸጠዋል የሚለው ስጋት ግን እውነት አለው፤ ስለዚህ ነርስ ፊት ይወሰዳል፣ አፍም ይፈተሻል። ይህ የአሠራር ጉዳይ እንጂ የመከልከያ ምክንያት አይደለም። ኢራን እንኳ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሜታዶንን እስር ቤቶቿ ውስጥ አስገብታለች፤ በመርፌ መጋራት ኤች አይ ቪ እስረኛውን ሲጨርስ አይታ ነው።

ሮድ አይላንድ በ2016 ለእስረኞቿ ሕክምናውን ጀመረች። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ስድስት ወራት በዕፅ ከሞቱት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ታስረው የነበሩት 26 ሲሆኑ፣ በ2017 ተመሳሳይ ወራት 9 ሆነዋል። ሚስጥሩ መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ እስረኛው ሲወጣ የሚቀጥልበት ክሊኒክ ቀድሞ ይዘጋጅለታል።

አሜሪካ የታሰረ ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ፣ ሐፍረቱን ተዉትና ከመታሰሩ በፊት የጀመረው ሕክምና እንዳይቋረጥ የእስር ቤቱን ነርስ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። የሚፈታበት ቀን ሲቃረብ ደግሞ ናሎክሶን ቤት ውስጥ ይኑር። በአፍንጫ የሚረጨው ዓይነት እዚያ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል።