«ቲቸር፣ ወተቱን አልቤ ደፋሁት»

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ኢንቦክስ ጻፈችልኝ። ከወለደች አራት ወሯ ነው።

«ቲቸር፣ ዛሬ 40 ደቂቃ ፈጠን ፈጠን ብዬ ተራመድኩ። ስመለስ ልጁ ያለቅሳል። አማቴ ‹ሰውነትሽ ግሏል፣ ወተቱ ተበላሽቷል፣ እንዳታጠቢው› አሉኝ። አልቤ ደፋሁት። የቆርቆሮ ወተት ሰጠነው። አጠፋሁ እንዴ?»

(ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው። የእሷ ባች ልጆች፣ ማን ናት እያላችሁ መገመት የጀመራችሁ ካላችሁ አቁሙ።)

40 ደቂቃ በመራመዷ ደስ ሊለኝ ሲገባ ንድድ አልኩ። በአማቷ አይደለም፤ እሳቸው የሰሙትን ነው የተናገሩት፣ ያውም ለልጅ ልጃቸው ብለው። የተናደድኩት በራሴ ነው። ከ15 ዓመት በፊት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከእናንተው አንዷ «የምታጠባ ሴት ስፖርት ብትሠራ ምን ትሆናለች?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም በልበ ሙሉነት «ላክቲክ አሲድ ወተቱ ውስጥ ይገባል፣ ልጁ አይጠባውም» ብዬ መለስኩ። ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁት ይሆናል። ሰርዙት።

ወሬው ከየት መጣ ለምትሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ አንድ ጥናት ነበር። እናቶቹ አቅማቸው እስኪሟጠጥ ድረስ ከሠሩ በኋላ ወተታቸው ታልቦ ለሕፃናቱ በጠብታ ተሰጠ፤ ሕፃናቱም ያን ያህል አልወደዱትም ተባለ። ጡት የለመደን ልጅ በጠብታ መሞከር በራሱ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። ሆኖም ያቺ ጥናት ዓለምን ዞረች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣችው ግን አልዞረችም። እሷ 33 የሚያጠቡ እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለች። አንደኛው ቡድን ከወለደ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ጀምሮ ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። የወተቱ መጠን አልቀነሰም። ይዘቱ አልተለወጠም። የልጆቹ ኪሎም ካልሠሩት እናቶች ልጆች እኩል ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የሕፃናቱ አጠባብ ራሱ ተጠንቶ ልዩነት ጠፋ። አቅም እስኪያልቅ የሮጠች ሴት ወተት ውስጥ ላክቲክ አሲዱ ለተወሰነ ጊዜ ከፍ ማለቱ እውነት ነው፤ ልጁን ግን ሲጎዳ አልታየም። ፈጠን ያለ እርምጃማ እዚያም አያደርስም። ታዲያ ልጁ ለምን አለቀሰ? ርቦት ነዋ! ወይም ጡቷ ላይ የደረቀው ላብ ጨው ጨው ብሎት። በውሃ አበስ ማድረግ ይበቃ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ ጥናት ባልጠቅስም እንጦጦ ትበቃኝ ነበር። እንጦጦ ለሩጫ የወጣችሁ ሁሉ አይታችኋታል፤ ከቁመቷ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭነት በጀርባዋ አዝላ፣ ጎብጣ፣ ቁልቁል የምትወርደዋን እናት። አንዳንዷ የሚጠባ ልጅ ቤት ትታ ነው የወጣችው። ስትመለስ ላቧ ሳይደርቅ ታጠባዋለች። «እንጨቱን ተይው፣ ወተትሽ ይበላሻል» ያላት ሰው አለ? ገጠር እንስራ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣዋስ ማን ነገራት? ለቤት፣ ለባል፣ ለገበያ ሲሆን ወተቱ ደህና ነው። ለራሷ ብላ የስፖርት ጫማ ያሰረች ቀን ይበላሻል!

ስለ አራስ ቤት ክፉ ላወራ አይደለም፤ እንዳትሳሳቱ። ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ «አትነሺ፣ ብርድ ይመታሻል» የሚለውን ሁሉ እወደዋለሁ። በአገራችን ሴት ተኝታ ሌላው የሚሠራበት ጊዜ ያ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ቁስል ይድንበታል፣ ደም ይቆምበታል። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን እስኪሞላ በሩን ዘግታችሁ ተኙ፣ እኔ የስፖርት መምህርቷ ፈቅጃለሁ። የኔ ጥያቄ ከክርስትናው ማግስት ያለውን ነው። እንግዳው ይበተናል። ከወሊድ በኋላ በሕግ የተሰጣት 90 ቀን ያልቅና ታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ስለ ወተቱ ብቻ ነው። በቂ ነው? ቀጠነ እንዴ? ጠጥቶ ይጠግባል? ስለ ወገቧ፣ ስለ ሆዷ፣ ስለ ታችኛው አካሏ የሚጠይቅ የለም።

ተማሪዬን ጠየቅኳት። ብዙ ቆይታ መለሰችልኝ። በሁለተኛው ወር ጂም ገብታ ነበር፤ ለእኔም ለማንም ያልነገረችው። አሰልጣኙ ወገቧን በቀበቶ ጠፍሮ ሲትአፕ አሠራት፣ ከዚያ ገመድ አዘለላት። ስትዘል ሽንቷ አመለጣት። በሰው ፊት። «የያዝኩትን ውሃ ሱሪዬ ላይ ደፋሁና፣ ውሃ የፈሰሰብኝ መስዬ ወጣሁ» አለችኝ። ዳግም አልሄደችም። እስከ ዛሬም ስትስቅ፣ ስታስነጥስ ያመልጣታል። ሐኪም ዘንድ ስለ ልጁ ክትባት አራት ጊዜ ሄዳለች፤ ይህን ግን አንድም ቀን አላነሳችም፣ የጠየቃትም የለም።

እስቲ በግልጽ እንነጋገር። ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከሥር እንደ መረብ ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎች አሉ። ዘጠኝ ወር ሸክም ተሸክመው፣ በምጥ ተለጥጠው ይደክማሉ። የሆድ ጡንቻም መሐል ለመሐል ይከፈታል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚገጥመው። እዚያ ላይ ሲትአፕና ዝላይ መጫን ያልደረቀ ምርጊት ላይ ሚስማር እንደመምታት ነው። የመጀመሪያው ስፖርት ማንም የማያየው ነው፦ ሽንትና ፈስ እንደሚይዝ ሰው ታችኛውን ጡንቻ ወደ ላይ ሰብስቦ መያዝ፣ ጥቂት ቆጥሮ መልቀቅ፣ መድገም። እያጠባሽም ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ይህን በየቀኑ መሥራት እንደሚቻል ይናገራል፤ ከወለደች በኋላም ሌላ የጤና ችግር ከሌለባት በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፣ ቀስ በቀስ እየተጀመረ። የእንግሊዝ ፊዚዮቴራፒስቶች ደግሞ ሩጫን ከሦስት ወር በፊት አትጀምሩ ይላሉ። በኦፕራሲዮን የወለዳችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ ከባድ ነገር አታንሱ። የቆመ ደም እንደገና ከመጣ፣ ከታች የሚወርድ ነገር ያለ ከመሰላችሁ፣ ሽንት ካመለጠ፣ አቁማችሁ ታከሙ። «የወለደች ሴት ሁሉ እንዲህ ናት» የሚላችሁን አትስሙ። ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፤ ግን ይታከማል።

አንድ ነገር ወተት ይቀንሳል፤ እሱም ረሃብ ነው። «በ30 ቀን ቦርጭሽን አጥፊ» የሚሉት ልጆች ከስፖርቱ ጋር ዳይት ያዝዛሉ። የምታጠባ ሴት በቀን እስከ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ትፈልጋለች። እሷ ላይ ምግብ ቀንሰው ወተቱ ሲቀንስ ስሙ ለስፖርቱ ይሰጣል።

ኮመንት ላይ «እነ ደራርቱ ወልደው አይደል እንዴ ያሸነፉት» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች።  ቁጥሩን እዩት፤ ሁለት ዓመት! ሥራዋ ሩጫ የሆነ፣ የዓለም ጀግና። እናንተ የሂሳብ ሠራተኛዋን በስድስት ሳምንት ገመድ ታዘልላላችሁ።

ቅዳሜ ተማሪዬ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈላ። አማቷን «እትዬ፣ እርስዎ ከወለዱ በስንት ጊዜዎ ውሃ ቀዱ?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ማን ቆጠረው? ክርስትናው በወጣ በሳምንቱ ወንዝ ወርጃለሁ።»

«ሲመለሱ አጠቡ?»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ወተቱ አልተበላሸም?»

ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ስልኩን የሚነካካውን ልጃቸውን፣ የተማሪዬን ባል ማለት ነው፣ ዞር ብለው አዩት። «ይኸው በሬ አክሏል፣ ምን ሆነ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ተማሪዬም ሳቀች፤ ግን እግሯን አጣምራ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ነበር የሳቀችው። ማንም አላስተዋለም። እኔ አይቻለሁ።

ባሏን በር ላይ አስቀርቼ የሳምንቱን ሥራ ነገርኩት። ለሐኪም ቀጠሮ የሚይዘው እሱ ነው፤ ለልጁ ሳይሆን ለእሷ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ጠዋት ልጁን የሚይዘውም እሱ ነው። «ካለቀሰስ?» አለኝ። ሲያለቅስ ልጅን ምን እንደሚያደርጉ እናቱን ጠይቅ አልኩት።

አንቺ ደግሞ ይህን እያነበብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በራችሁ ላይ ነኝ። አጥቢውና ውጪ፣ ደህና ጡት መያዣ አድርጊ፣ ውሃ ያዢ። ዳገት የለም፣ ሩጫ የለም፤ 30 ደቂቃ እንራመዳለን። ስትመለሺ ታጠቢዋለሽ።