የዳምፐር ቅያሪንና የተቆረጠብንን ደመወዝ ይመለከታል

ለተከበሩ የፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጋር የተያያዘው የጄኔሬተር ክፍል መካኒኮችና ኦፕሬተሮች ይህን አቤቱታ የምናቀርበው በታላቅ አክብሮት ነው። ለፎርማን፣ ለክፍል ኃላፊና ለቴክኒክ መምሪያ በየደረጃው አመልክተን መልስ በማጣታችን እንጂ እርስዎን ለማስቸገር አልቸኮልንም።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የሁለተኛው ጄኔሬተር ዳምፐር ማኑዋሉ ይቀየር የሚልበትን 24,000 ሰዓት ማለፉን በጽሑፍ አሳወቅን። ዕቃው ከክራንክ ሻፍቱ ፊት የሚታሰር ድፍን ክብ ብረት ሲሆን፣ በውስጡ ከባድ ቀለበትና ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ አለው። ሲሊንደሮቹ በተቀጣጠሉ ቁጥር ክራንክ ሻፍቱ ይጠማዘዛል፤ ፈሳሹ ያንን ንዝረት ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርደዋል። ፈሳሹ በሙቀትና በዕድሜ ሲበላሽ ግን ከውጭ አይታይም፣ ሞተሩም እንደ ወትሮው ይሠራል። ግዥ ክፍል «የሚሠራ ዕቃ አይቀየርም» ያለን ለዚህ ይመስለናል።

በታኅሣሥ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሞተሮቹ ሲቀቡ ዳምፐሮቹም አብረው ተቀቡ። የአንደኛው ጄኔሬተር ዳምፐር ባለ ጎማ ነው፤ ጎማው መንሸራተቱ የሚታወቀው በመሀሉና በቀለበቱ ላይ ያሉት ሁለት ምልክቶች ሲዛነፉ ነው። ምልክቶቹ እስከ ዛሬ በአረንጓዴ ቀለም ተሸፍነዋል። እንፋቀው ብንል ተከለከልን። እንግዶቹም ጄኔሬተር ክፍሉን ሳያዩ ሄዱ።

በየካቲት የሁለተኛውን መከለያ ስናነሳ የዳምፐሩ ጠርዝ አውራ ጣት በሚያህል ስፍራ ተሰርጉዶ አገኘነው። ስርጉዱ የውስጡን ቀለበት ሊይዘው ስለሚችል እንዲህ ያለ ዳምፐር አይሠራበትም። ፎቶግራፍ አያይዘን ሞተሩ ይቁም አልን፤ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን አይቆምም ተባልን፣ ታዘዝን።

ግንቦት 9 ሌሊት ክራንክ ሻፍቱ ተሰበረ። ስብራቱ በ45 ዲግሪ ገደማ የሄደ ሰያፍ ነው፤ ይህ ብረት በመጠማዘዝ ብዛት ሲደክም የሚሰበረው ስብራት ነው። ዘይት አጥቶ ቢሆን ብሮንዚኖቹ ይቃጠሉ ነበር፤ እነሱ ግን ደህና ናቸው። አጣሪ ኮሚቴው ስብራቱን ሳያይ «የዘይት እጥረት፣ የኦፕሬተር ቸልተኝነት» ብሎ ጻፈ።

በዚህ ሰበብ ከሰኔ ጀምሮ ከሰባታችን ደመወዝ በየወሩ ይቆረጣል። በጽሑፍ አልተስማማንም፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝም አልደረሰንም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ደመወዝ እንዲሁ እንዲቆረጥ አይፈቅድም። ከመካከላችን የቤት ኪራይ አቅቶት ከነልጆቹ ወንድሙ ዘንድ የተጠጋ አለ። እንዲህም ሆኖ ሺፍታችንን አልተውንም።

ስለዚህ የአንደኛው ዳምፐር ቀለሙ ተፋቆ እንዲፈተሽ፣ ለሁለተኛው ጄኔሬተር ክራንክ ሻፍት ሲገዛ አዲስ ዳምፐር አብሮ እንዲገዛ፣ የተቆረጠብን ገንዘብ እንዲመለስልንና የአጣሪ ኮሚቴው ውሳኔ በገለልተኛ ባለሙያ እንደገና እንዲታይ በትሕትና እንለምናለን። የተሰበረው ክራንክ ሻፍት ለቁራሌ እንዳይሸጥ ከስቶሩ ጀርባ በሸራ ሸፍነን አስቀምጠነዋል፤ ባለሙያው በመጣ ሰዓት እናሳያለን።