ለሕፃናት የሚሰጠው ሁሉ በልክ ይሁን

ማር ሲበዛ ይመራል ተብሎ የተነገረው ቃል ለማር ብቻ የተነገረ አይደለም። ለሕፃናት ጤና ተብሎ የሚሰጠው ቪታሚንና ፍሎራይድም በልኩ ሲሆን ይጠቅማል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን የሚጠቅመው ነገር ራሱ ይጎዳል። የልጁን ዕድገት የሚመኝ ወላጅ ሁሉ ይህን ልክ ሊያውቀው ይገባል፤ የማያውቀውንም ማስተማር ሕዝብን የመምራት ዕዳ ላለባቸው ሹማምንትና ካህናት የተገባ ነው።

ቪታሚን የሚባለውን ስም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም. ያወጣው ካዚሚር ፉንክ የተባለው ሊቅ ነው። ዳሩ ግን ስሙ ከመውጣቱ በፊት የእጦቱ ሕመም በየሀገሩ የታወቀ ነበር። ሲመሽ ማየት የሚሳነው ሰው ዳፍንት ያዘው ይባላል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ቪታሚን ኤ ከማጣት የሚመጣ ነው። በሕፃንነቱ እግሩ የሚጎብጥና አጥንቱ የሚልፈሰፈስ ልጅም አብዛኛውን ጊዜ ቪታሚን ዲ የጎደለው ነው። ስለዚህ የእነዚህ ነገሮች ጥቅም የሚያጠራጥር አይደለም። ሊመረመር የሚገባው አሰጣጡ ነው።

ቪታሚን ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ቪታሚን ሲ እና አብዛኛው የቪታሚን ቢ ወገን ሲበዛ ከሽንት ጋራ ይወጣል። ቪታሚን ኤ እና ቪታሚን ዲ ግን በጉበትና በስብ ውስጥ እየተጠራቀሙ ይቀመጣሉ፤ በየጊዜው ከልክ በላይ የተሰጠውም እየተደመረ ይሄዳል። ቪታሚን ኤ የበዛበት ሕፃን ያስመልሰዋል፥ ራሱን ያመዋል፥ እርግብግቢቱም ሊያብጥ ይችላል። ቪታሚን ዲ ሲበዛ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ይልና የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ጥማትን ያበዛል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል።

በሀገራችን ቪታሚን ኤ የሚሰጠው በጤና ሠራተኞች እጅ ነው። ዕድሜው ከ6 እስከ 11 ወር ለሆነው ሕፃን 100,000 ዩኒት፥ ከ12 እስከ 59 ወር ለሆነው 200,000 ዩኒት በየስድስት ወሩ ይሰጠዋል። ይህ መጠን ለወራት የሚበቃ ስንቅ ስለ ሆነ፥ በመካከሉ ሌላ መጨመር አያስፈልግም። የተሰጠበትም ቀን በልጁ ካርድ ላይ ሊጻፍ ይገባል፤ እናት ካርዱን ካልያዘች አንዱ ሠራተኛ የሰጠውን ሌላው ሊደግመው ይችላልና። ነገር ግን ይህን ሰምቶ መድኃኒቱ በሚታደልበት ቀን ልጅን መደበቅ ከፊተኛው የባሰ ስሕተት ነው። በልኩ የተሰጠው ቪታሚን ኤ ዓይንን ከመታወር፥ ሕፃናትንም ከሞት እንደሚያድን የተረጋገጠ ነው።

ቪታሚን ዲን በሚመለከት ሐኪሞች ለጡት ልጅ የሚያዙት መጠን በቀን 400 ዩኒት ነው። ጠብታው ከጠርሙሱ ጋራ በመጣው መለኪያ ይሰጥ እንጂ በሻይ ማንኪያ በግምት አይሰጥ፤ አንዱ ጠርሙስ በአንድ ጠብታ የሚይዘውን ሌላው በብዙ ጠብታ ሊይዘው ይችላልና። ፀሐይ በሞላበት ሀገር ልጆች በዚህ ቪታሚን እጦት መጎዳታቸው የሚያሳዝን ነው። ምክንያቱም ሕፃኑን የሰው ዓይን ያየዋል፥ ብርድም ይመታዋል እየተባለ ለብዙ ወራት በጨለማ ቤት ተጠቅልሎ መኖሩ ነው።

ከዚህም በቀር ለነፍሰ ጡር የሚታደለው የብረት ኪኒን ለእናቲቱ መድኃኒት ሲሆን፥ ሕፃን ከረሜላ መስሎት ብዙ ቢውጠው ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ያለው ሁሉ ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ካለ ቦታ ተቈልፎ ይቀመጥ። የዋጠም ቢገኝ፥ ሕመሙ እስኪታይ ሳይጠብቁ ያኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

የፍሎራይድ ነገር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ማስተዋልን ይጠይቃል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. ፍሬዴሪክ ማኬይ የተባለው የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ በኮሎራዶ ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎችን አይቶ መመርመር ጀመረ፤ በ1931 ዓ.ም. ምክንያቱ በውኃው ውስጥ የበዛ ፍሎራይድ መሆኑ ታወቀ። ጥቂቱ ግን ጥርስን ከመበላት እንደሚጠብቅ ስለ ተረዱ፥ በ1945 ዓ.ም. የግራንድ ራፒድስ ከተማ በልክ እየመጠነች በውኃዋ መጨመር ጀመረች። በእኛ ሀገር በስምጥ ሸለቆ ያለው ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሲል፥ በመተሐራ፥ በወንጂ፥ በዝዋይና በዙሪያቸው ካሉት ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዚህ እጅግ ያለፈ ይዘው ተገኝተዋል። የሚበልዘው ጥርስ ገና ከድድ ሥር ሲሠራ፥ ይኸውም እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለ ሆነ፥ ከበቀለ በኋላ ቢፋቅ አይነጻም። ለብዙ ዓመታት የጠጣውም ሰው አጥንቱና መገጣጠሚያው ይደርቃል። ውኃውንም ማፍላት አይረዳም፤ ውኃው ይተንናል እንጂ ፍሎራይዱ አይወጣም።

እንግዲህ ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች በፍቅር የሚልኩት ጠርሙስ እዚህ ላይ ይታሰብ። ቪታሚንና ፍሎራይድ ባንድነት የያዘ ጠብታ ወይም ኪኒን በአሜሪካ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው፥ የመጠጡ ውኃ ፍሎራይድ ላነሰው ልጅ ነው። ያው ጠርሙስ ወንጂ ላለ ሕፃን ቢሰጥ ግን በሞላው ላይ መጨመር ይሆናል። መልእክቱ መልካም ሲሆን ስፍራው ይስታል። ስለዚህ የውኃው ልክ ሳይታወቅና ሐኪም ሳይጠየቅ የሚዋጥ ፍሎራይድ ለማንም ልጅ አይሰጥ። ጥርስን ለመጠበቅ ከ3 ዓመት በታች ላለው ልጅ የሩዝ ፍሬ፥ ከዚያ እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የሚያህል የጥርስ ሳሙና ይበቃል፤ ልጁም መዋጡን ትቶ መትፋትን ይልመድ።

ከሹማምንት የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። አዲስ ጉድጓድ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ፍሎራይዱ ይለካ፤ ውጤቱም በመዝገብ ተዘግቶ ከሚቀር ለጤና ጣቢያውና ለነዋሪው ይነገር። በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው የልጆች ቪታሚን መጠኑ በሀገሩ ቋንቋ ተጽፎ ይሰጥ፤ የማያነበው ወላጅ በምን ሊያውቅ ይችላል?

ካህናትም ማንም ሹም የማያገኘው ጊዜ አላቸው። ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ለክርስትና ሲመጡ እናትና ልጅ በፊታቸው ይቆማሉ። በዚያ ቀን ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ፥ ከዚያም እንቁላልን፥ ጎመንንና ካሮትን እንዲለምድ፥ ፀሐይም እንዲያይ፥ መድኃኒትም ያለ ሐኪም እንዳይሰጠው ቢነግሩ ቃላቸው ይሰማል። የንስሐ አባትም ቤቱን ሲባርክ ስለ ሕፃኑ ካርድ ቢጠይቅ ከአገልግሎቱ የሚቀንስበት ነገር የለም። ልጅን መውደድ ብዙ በመስጠት ብቻ አይለካምና፥ የሚበቃውን አውቆ መስጠት የአስተዋይ ወላጅ ሥራ ነው።