ዕዳ ከሜዳ፤ ገበሬስ መክሰር አይፈቀድለትም?

ባለፈው ሰሞን መኝታ ክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሕግ የሚያጠናው ጓደኛችን ስለ ኪሣራ የተደነገገውን ጮክ ብሎ ያነባል። ነጋዴ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ፍርድ ቤት ቀርቦ «ከስሬአለሁ» ይላል፤ ባለገንዘቦቹ በየፊናቸው እንዳይሻሙበት ይገታሉ፤ ንብረቱ በዳኛ ፊት ይቆጠራል፤ ከተቻለም ስምምነት ይደረጋል። ያን ጊዜ ከባኮ የመጣው ልጅ ካልጋው ብድግ ብሎ «አባቴስ በ94 የት ሄዶ ይክሰር ኖሯል?» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ባኮ የበቆሎ አገር ናት። በ1985 ዓ.ም. የወጣው «ቢ ኤች 660» የተባለው ዲቃላ በቆሎ የዚያው የምርምር ማዕከል ልጅ ነው፤ ስሙ ራሱ የሚጀምረው በባኮ ነው። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮም በኤክስቴንሽን ፓኬጅ ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ በዱቤ ለገበሬው ታደለ። ገበሬው ዝራ ሲባል ዘራ፣ ጨምር ሲባል ጨመረ። ሰነፈ የሚል ካለ ይምጣና ይሟገተን! የ1993 እና የ1994 ዓ.ም. አዝመራ ሰመረ፤ ጎተራ ሞላ። ገበያው ግን ተናደ። የበቆሎ ዋጋ ከግማሽ በላይ ወደቀ። አንዳንዱ ገበሬ የሚያሰበስብበት ወጪ ከሽያጩ ስለበለጠበት እህሉን ማሳው ላይ ጥሎት ገባ።

ዕዳውስ? ዕዳው የተጻፈው በበቆሎ አይደለም፤ በብር ነው። ዋጋ ሲወድቅ ዕዳ አብሮ አይወድቅም። አምና በጥቂት ኩንታል ይወጣ የነበረው የማዳበሪያ ዕዳ ዘንድሮ ጎተራውን ጠራርጎ ወሰደ። በዚያ ላይ ብድሩ የሚጠየቀው አዝመራ እንደገባ፣ ሁሉም ሊሸጥ በሚሻማበት፣ ዋጋ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ በሚልበት ወር ነው። ባንኩ አልሠጋም፤ ክልሎች በጀታቸውን ዋስ አድርገውለታልና። ዋስ የሆነ ሰብሳቢ ይሆናል። ስለዚህ ዕዳውን የሚያሳድደው በአብዛኛው ዳኛ ሳይሆን አስተዳደር ሆነ። መክፈል ያቃታቸው እንደታሰሩና ከብታቸው እንደተነዳ ስለዚያ ዘመን የተጻፉ ጥናቶች መስክረዋል። ጓደኛችን ያኔ አልተወለደም፤ ነገር ግን ከአባቱ ሁለት በሬዎች አንዱ የተነዳበት ቀን እነሱ ቤት ዛሬም ምሳ ላይ ይወሳል። አንድ በሬ ምን ያርሳል?

በ1994 ክረምት ደግሞ ዝናቡ በብዙ አገር ቀረ። በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ባንድ ዓመት በቆሎ ማሳ ላይ በሰበሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስንዴ በመርከብ ተለመነ። ከዚህ የበለጠ ኪሣራ ምን አለ? ግን ማንም «ከስሯል» አላለውም። «ዕዳውን አልከፈለም» ነው የተባለው።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስለ ኪሣራ ሲደነግግ ያሰበው ነጋዴንና የንግድ ማኅበርን ነው። የ2013ቱ አዲስ ሕግ ድርጅት ሳይሞት የሚያገግምበትን መንገድ ጨምሯል፤ ደግ አድርጓል። ሆኖም ደንበኛው ያው ነጋዴው ነው። ሁለት ጥማድ መሬት የሚያርሰው ባላገር በየትኛው በር ይግባ?

እርግጥ ነው፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለገበሬ መተዳደሪያ የሚያስፈልጉትን ከብቶችና ዘር በፍርድ አፈጻጸም እንዳይያዙ ከልክሏል። እሰየው! ግን ይህ ጥላ የሚሠራው ፍርድ ቤት ውስጥ ነው። ዕዳ ያለ ዳኛ በሚሰበሰብበት ቀበሌ ማን አንቀጽ ይጠቅሳል? መሬቱ እንደሆን በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ የሰብሳቢ ዓይን የሚያርፈው በሬው ላይ ነው።

«ዕዳ ዕዳ ነው፤ ዛሬ ከተማረ ነገ ማን ይከፍላል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እንመልስላቸዋለን። ነጋዴ መክሰር ስለተፈቀደለት ንግድ ቆመ እንዴ? ንብረቱን ደብቆ የከሰረውን ሕጉ ይቀጣዋል፤ ዘመን የጣለውን ግን ለይቶ ያየዋል። እኛም እህል ደብቆ ለሚያለቅስ ጠበቃ አልቆምንም። የምንለው ይለይ ነው፤ ለመለየትም ዳኛ ያስፈልጋል።

አያቶቻችን ባለዕዳና ባለገንዘብ ባንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት ቁራኛ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። ዛሬ ስንሰማው ይዘገንነናል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም ውል መፈጸም ስላቃተው ብቻ ሰው አይታሰር ይላል። ታዲያ የማዳበሪያ ዱቤ ውል አይደለም? አሜሪካኖቹ እንኳ፣ እነዚያ የገንዘብ ጌቶች፣ ገበሬዎቻቸው በዕዳ ሲያልቁ እ.ኤ.አ. በ1986 በኪሣራ ሕጋቸው ለገበሬ ቤተሰብ የተለየ ምዕራፍ ከፈቱ። ገበሬው እርሻውን ሳይለቅ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ የሚችለውን ይከፍላል። ለጽድቅ ብለው አይደለም፤ እርሻው የተወሰደበት ገበሬ እንደማይከፍል ስለገባቸው ነው።

«ይህ ያለፈ ታሪክ ነው» ለሚለንም መልስ አለን። ማዳበሪያ ዛሬም ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፤ ብርም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋው ለገበያ ተለቋል። በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የምርት ገበያም ስለ ዋጋ ነው ያሰበው፤ ስለ ዕዳ አይደለም። 94 ተመልሶ ቢመጣ ገበሬው የሚሄድበት በር ያው የለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። የገበሬ ዕዳ በዳኛ ፊት እንጂ በደጅ አይሰብሰብ። ዋጋ ሲናድና ዝናብ ሲቀር የመክፈያው ጊዜ ይተላለፍ። በሬው፣ ዘሩና ቀለቡ አይነካ። ከአቅም በላይ የሆነ ዕዳም በተወሰነ ዓመት የሚቻለው ተከፍሎ መዝገቡ ይዘጋ።

ሕግ የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን ስትሉ እንሰማለን። ይኸው ርዕስ! በየዓመቱ ስለ አክሲዮን ማኅበር ከምትደጋግሙ ባኮ ወርዳችሁ የዚያን በሬ ታሪክ ጠይቁ። በቀለብ የሚያኖሩን እነሱ ናቸውና እኛም ዕዳ አለብን፤ ከስረናል ብለን የምናመልጠው ደግሞ አይደለም።