በወንድም ስም የተሠራ ቤት

ሰሞኑን አንዲት እህታችን ከጅዳ ደውላልን ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ለባሏ በላከችው ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ቤት ተሠርቷል። አሁን ባልየው ፍቺ ጠይቋል። ቤቱ በማን ስም ነው ብንላት «በታናሽ ወንድሙ» አለችን። ለምን ስንላት «ያኔ እንዲህ ይሻላል ተባልኩ» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም።

ይህን መሰል ታሪክ ከዋሽንግተንም ከስቶክሆልምም ሰምተናል። አንዳንዴ ተበዳዩ ባልየው ነው፤ ቤቱም የተሠራው በአማቱ ስም ነው።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ፣ የፍቺውን ነገር ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ይተው ነበር። ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህን ለወጠ። እኛ ያን ጊዜ በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርን፤ ዜናውን በውስጥ ገጽ ጥግ ላይ አድርገን አለፍነው። ሕጉን ያወጣውን ሥርዓት በብዙ ነገር እንከሰዋለን፤ ይህን ግን ልንነፍገው አንችልም።

በዚህ ሕግ በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። አንቀጽ 63 እንደሚለው ንብረቱ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ፣ የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ሆኖ ይቆጠራል። ቤት ለመሸጥም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያለ ስምምነት ከተሸጠ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ባወቀች በስድስት ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ። ጅዳ በሰው ቤት የተዘጋባት ሴት ይህን መቼ ሰምታ መቼ ትደርሳለች?

ካርታው ላይ የወንድም ስም ሲሰፍር ደግሞ ይህ ሁሉ ከለላ አይደርስላትም። ቤቱ በገንዘቧ መሠራቱን ራሷ ማስረዳት አለባት። ማስረጃው የሐዋላ ደረሰኝ ነው፤ ስንቶቻችን እናስቀምጣለን? ሰው በእጁ ይዞላት የሄደው ገንዘብማ ደረሰኝም የለው።

ለነገሩ በወንድም ስም መሥራት የተጀመረው ሁልጊዜ በተንኮል አልነበረም። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው አገር ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ሕጉ ይከለክል ነበር። ፖለቲካ ውስጥ የገባነው ደግሞ ይወረስብናል ብለን ፈራን። ግን ከአዋጅ ቁጥር 270/1994 ወዲህ ቢጫ ካርድ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም ቤት መያዝ ይችላል። ልማዱ ግን አልቀረም፤ ፍቺ ሲያስቡ መደበቂያ ሆኗል።

አሜሪካ ያለነውም እዚህ የተፈረደልን ፍርድ አዲስ አበባ ላይ በራሱ የሚፈጸም ይመስለናል። አይፈጸምም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 458 መሠረት የፈረደው አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑ፣ ተከሳሹም ቀርቦ የመከላከል ዕድል ማግኘቱ ይጣራል። ይህ ሌላ ጠበቃ፣ ሌላ ወጪ ነው።

ማኅበሮቻችን ስለ መሬት ነጠቃ ስብሰባ ሲጠሩ አዳራሹ ይሞላል። እኛም እንሄዳለን፤ እናጨበጭባለን። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ የትዳር ጓደኛው የማያውቀው ቤት ያለው ስንቱ ይሆን?

እህታችንን ጠበቃ እንድታነጋግር ነግረናታል። ደረሰኞቿን እየፈለገች ነው፤ እስካሁን አራት አግኝታለች።