የጦር አለቆች ምክርና የፊልም ምስክርነት

በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ ሉቼ የተባለው የኢጣልያ መንግሥት የሲኒማ ድርጅት ያነሣቸው ፊልሞች ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ ተከፍተዋል። እንግዲህ በኮልፌ ቀራንዮ ያለ ተማሪ እንኳ ስልኩን ከፍቶ ማርሻል ባዶሊዮ በመኮንኖቹ ተከቦ ሲነጋገር ለማየት ይችላል። የጸዳ ልብስ፥ የረጋ ፊት፥ ሥርዓት ያለው ጉባኤ ይታየዋል።

ፊልሙ ሐሰት ነው አይባልም፤ ሰዎቹም ስፍራውም በእውነት ነበሩ። ነገር ግን የፊልም አንሺ የተጠራበት ምክር ለመታየት የተሰናዳ ምክር ነው። ሙሶሊኒ ታኅሣሥ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ባዶሊዮ በመርዝ ጋዝ እንዲዋጋ የፈቀደለት በምስጢር ቴሌግራም ነበር እንጂ በፊልም ፊት አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይህንኑ ግፍ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ገልጠው ሳለ፥ የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ነገሩን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል 60 ዓመት ያህል አለፈ፤ ፊልሙ ግን ያን ጊዜ ሁሉ በክብር ተቀምጦ ነበር።

የኢትዮጵያ ወገን ምክርስ? ከማይጨው ጦርነት በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ከራስ ካሣ፥ ከራስ ሥዩምና ከሌሎችም መኳንንት ጋር ያደረጉት ምክር የሚገኘው በጽሑፍ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ተርከውታል፤ ሩሲያዊው ኮሎኔል ኮኖቫሎፍም በሰፈሩ ውስጥ ሆኖ ያየውን ጽፏል። ከራስ ካሣ ጦር ጋር የተጓዘው የቼኩ ተወላጅ አዶልፍ ፓርለሳክ የጻፈውም «የሐበሻ ጀብዱ» በሚል ስም በአማርኛ ተተርጕሞ ብዙ ሰው አንብቦታል። እነዚህ ጸሐፊዎች በሁሉ ነገር አይስማሙም፤ አለመስማማታቸውም ለመርማሪ ይጠቅማል።

ከኮልፌ ባሻገር በምዕራብ በኩል በሆለታ ከነበረው የጦር ትምህርት ቤት የወጡት ወጣቶች ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያሳስባል። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ወደ ነቀምት ሄደው፥ በእንስሳት ሐኪሙ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪነት የጥቍር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በቦናያ በአይሮፕላን ያረፈውን የኢጣልያ ጓድ በሌሊት መትተው ጄኔራል ማሊዮኮን ገደሉ። እነዚያ ወጣቶች የመከሩበትን ሌሊት የሚያሳይ ፊልም ከቶ ከየት ይመጣል? ልጁ በስልኩ የሚያየው የባዶሊዮን ጉባኤ ብቻ ከሆነ፥ በአገሩ ጦርነት ምክር የነበረው ለጠላት ብቻ ይመስለዋል።

ስለዚህ ፊልሙን መከልከል አይጠቅምም፤ አይቻልምም። የሚያስፈልገው፥ ፊልሙ በትምህርት ቤትም ሆነ በቴሌቪዥን ሲታይ ማን እንዳነሣው፥ ለማን እንዳነሣውና በዚያው ሳምንት ምን እንደ ተደበቀ የሚገልጥ ጽሑፍ አብሮ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። የቤተ መዛግብት ሹማምንትም የአርበኞችን ደብዳቤና ማስታወሻ በፊልሙ አንጻር አሰናድተው ሊያወጡ ይገባቸዋል። የየደብሩ አለቆች ደግሞ በዕቃ ቤታቸው ካሉት መጻሕፍት መካከል የዚያን ዘመን ነገር በኅዳግ የተጻፈበት ቢገኝ፥ ብል ሳይበላው በፎቶግራፍ እንዲነሣ ቢፈቅዱ ሥራው ይቃለላል።