ነባሩን ድንች የመዘገቡት የዘር አዳቃይ

የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በአዲስ ዘር በተሸፈነ መሬት ስፋት ነው። ስንት ኩንታል ዘር እንደ ተሠራጨ፣ ስንት ሄክታር እንደ ተሸፈነ፣ ስንት ገበሬ እንደ ተቀበለ ይጠየቃል፤ ይጻፋልም። በዚያው ማሳ ላይ ከአንድ ዓመት በፊት ምን ተዘርቶ እንደ ነበረ፣ ስሙ ምን እንደሚባልና ለምን ይወደድ እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይጠየቅም። እኛ ይህ ጥያቄ ከዘር ሥርጭት ሥራ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም እንላለን። ይህን የምንለው አዲስ ዘርን ስለምንጠላ አይደለም፤ የተሻሻለ ዘር ማውጣት የምርምር ሥራ አንዱ ዓላማ ነውና። ሐሳባችንን ግልጽ ያደርግልናል ብለን የመረጥነው የአንድ ሰው የሥራ ሕይወት ነው፤ ይኸውም የፔሩው የዕፀዋት ተመራማሪና የእርሻ ባለሙያ የፕሮፌሰር ካርሎስ ኦቾዋ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ዝርያ» ስንል ተመራማሪዎች በሳይንሳዊ ስም የሚለዩትን የተክል ወገን፣ «ዓይነት» ስንል ደግሞ ገበሬው በራሱ ስም የሚጠራውን ወይም ምርምር ያወጣውን ዘር ማለታችን ነው።)

ፕሮፌሰር ኦቾዋ በ1920 በአንዲስ ተራሮች ላይ በምትገኘው በኩስኮ ከተማ ተወለዱ። በጎረቤት አገር በቦሊቪያ፣ ኮቻባምባ በሚገኘው በሳን ሲሞን ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተጨማሪ ዲግሪ አገኙ። በሊማ፣ ላ ሞሊና በሚገኘው የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1971 በዚያው በሊማ ወደ ተቋቋመው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ገቡ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የድንች ዓመት ብሎ በሰየመው በ2008 መጨረሻ ላይ በ88 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕይወታቸው ከብዙ ምሁራን ሕይወት የሚለይበት ነገር ባልኖረ ነበር። ትኩረታችንን የሳበው የሥራቸው ቅደም ተከተል ነው። ብዙዎች ተክሉን በመጽሐፍ ለይተው ካወቁ በኋላ ወደ ማዳቀል ይሄዳሉ። ኦቾዋ ግን በመጀመሪያ ዘር አዳቃይ ነበሩ፤ የፔሩን ነባር ድንች ከውጭ ከመጣ ድንች ጋር እያዳቀሉ አዳዲስ ዓይነቶችን ያወጡ ነበር። በ1950ዎቹ ከታወቁት ዓይነቶቻቸው አንዱ «ሬናሲሚዬንቶ» ይባላል፤ በስፓኝ ቋንቋ ዳግም ልደት ማለት ነው። ዕፀዋትን ወደ መለየትና ወደ መሰየም ሳይንስ በሙሉ ልባቸው የዞሩት ከዚህ በኋላ ነው። ለምን ቢሉ፣ አዳቃይ የሚያዳቅለው ያለውን ነገር ነው። በእጁ ያለው ዘር ከየት እንደ መጣ፣ የዱር ዘመዱ የት እንደሚበቅል፣ ምን ዓይነት ብርድና በሽታ እንደሚችል ካላወቀ በጨለማ እንደ መሥራት ይሆንበታል።

በ1975 ስለ ሰብል ዘር ሀብት በታተመ አንድ ዓለም አቀፍ መጽሐፍ ውስጥ ኦቾዋ በቺሌ፣ በቦሊቪያና በፔሩ ድንች ለመሰብሰብ ስላደረጉት ጉዞና ስለ ነባር ዓይነቶች መጥፋት የሚገልጽ ምዕራፍ ጽፈዋል። እዚህ ላይ አንባቢያችን ቆም ብሎ እንዲያስብ እንፈልጋለን። ነባሩ ድንች እየጠፋ ነው ብለው የጻፉት ሰው አዲሱን ድንች ካወጡት ባለሙያዎች አንዱ ናቸው። በእኛ አመለካከት በዚህ ውስጥ ግጭት የለም። አዲሱ ዘር ነባሩን ከማሳ እንደሚያስወጣ ከአውጪው የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ የመመዝገቡ ግዴታ ከሁሉ በፊት የሚወድቀው አዲሱን በሚያመጣው ላይ ነው። አዲሱን ዘር ገበሬው ደጅ የምናደርሰው ደግሞ እኛና እናንተ ነን።

የአንዲስ ገበሬ በአንድ ማሳ ብዙ ዓይነት ድንች ቀላቅሎ ይተክላል። በአካባቢው ያሉት ነባር ዓይነቶች ከ4,000 እንደሚበልጡ የድንች ማዕከሉ ይገልጻል። ከእነዚህ መካከል መራራ የሆኑ፣ ውርጭን የሚችሉና በከፍተኛው ደጋ ላይ የሚበቅሉ አሉ። ገበሬዎቹ እነዚህን ሌሊት በውርጭ ያስመቷቸዋል፤ ቀን በእግር ረግጠው ውኃውን ያወጡና በፀሐይ ያደርቋቸዋል። «ቹኞ» የሚባለው ይህ ደረቅ ድንች ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ተራው ድንች 48 ክሮሞዞም ሲኖረው ከመራራዎቹ አንዱ 36 ብቻ ስላለው ፍሬ አፍርቶ በዘሩ ሊራባ አይችልም። ገበሬው በየዓመቱ ካልተከለው በቀር አይኖርም። እኛ አገር የእንሰት ዓይነቶችም የሚቆዩት ገበሬዋ ከነባሩ ተክል ችግኝ አውጥታ ስለምትተካቸው ነው፤ የአንዲት ሴት ጓሮ የአንድ ዓይነት የመጨረሻ መጠጊያ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የዱር ድንች ነገር ደግሞ ከዚህ ይረዝማል። ኦቾዋ ለብዙ ዓመታት ከሥራ ባልደረባቸው ከአልቤርቶ ሳላስ ጋር በተራራና በሸለቆ ተንከራተዋል። በዘመናቸው ይታወቁ ከነበሩት 200 ያህል የዱር ድንች ዝርያዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑትን ለሳይንስ ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው። የዱር ድንች መራራ ነው፤ ፍሬውም ትንሽ ነው፤ ገበያ የሚያወጣው የለም። ነገር ግን በ1845 አየርላንድን ለረሃብ የዳረገውን ሌት ብላይት የተባለውን ቅጠል አጥቋሪ በሽታ ለመቋቋም አዳቃዮች መጀመሪያ ከተመረኮዙባቸው አንዱ የሜክሲኮ የዱር ድንች ነበር። በሽታው ያንን መከላከያ ቢያልፈውም ሌላ ምንጭ ፍለጋው እስከ ዛሬ አላቆመም።

ኦቾዋ ያወጧቸው የዝርያ ስሞች ሁሉ ጸንተው አልቀሩም። የሚታረሰውን ድንች እሳቸው በ9 ዝርያ ሲከፍሉት እንግሊዛዊው ሊቅ ጃክ ሆክስ በ7 ከፍለውታል፤ ከ2007 ወዲህ የወጡ ጥናቶች ደግሞ ወደ 4 አውርደውታል። የዱሮቹም ቁጥር ወደ 107 ገደማ ዝቅ ብሏል። ታዲያ ድካማቸው ከንቱ ሆነ ማለት ነውን? አይደለም። ስሙ ቢሻርም ደርቆ በወረቀት ላይ የተለጠፈው ተክል፣ የተለቀመበት ቦታ፣ ከፍታውና ቀኑ አይሻሩም። ከጻፏቸው ሥራዎች አንዱ ከ1947 እስከ 1997 ያሉትን 50 ዓመታት የሚሸፍን የፔሩ ድንቾች መዝገብ ነው። በ1990 የታተመው የቦሊቪያ ድንቾች መጽሐፋቸውና በ1999 የወጣው የፔሩው ይበልጥ የታወቁ ናቸው፤ ለእናንተ ሥራ አርኣያ የሚሆነው ግን መዝገቡ ነው ብለን እናምናለን።

መዝገብ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው መልሱ ኩስኮ አጠገብ ይገኛል። በ2004 የድንች ማዕከሉ በፒሳክ አካባቢ ከሚኖሩ 6 የገበሬ ማኅበረሰቦች ጋር ስምምነት አድርጎ ከማሳቸው ጠፍተው የነበሩ ነባር ዓይነቶችን ከቫይረስ አጽድቶ መልሶላቸዋል። የማን ድንች ከየት እንደ ተወሰደ ባይጻፍ ኖሮ ለባለቤቱ መመለስ ከየት ይመጣ ነበር?

በዚህ ላይ ከልማት ሠራተኞች የምንሰማው ተቃውሞ አለ። ገበሬው ተርቦ ሳለ ዝቅተኛ ምርት የሚሰጥ ዘር መቁጠር የሙዚየም ሥራ ነው ይላሉ። የገበሬው ችግር እውነት ነው፤ ቸል የሚባልም አይደለም። እኛም ገበሬው ነባሩን ብቻ ይዝራ አላልንም። ድንች ራሱ ለአገራችን እንግዳ ነው፤ በ1858 ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ በደጋው የሚተከሉት «ጃለኔ»፣ «ጉደኔ» እና «በለጠ» የተባሉት ዓይነቶች ሆለታ ላይ ተፈትነው የወጡት ከሊማው ማዕከል ከመጣ ዘር ነው። ስለዚህ በድንች በኩል የአንዲስ ገበሬ ባለ ዕዳዎች ነን። በገብስ በኩል ግን አበዳሪዎች ነን፤ የካሊፎርኒያ ገብስ ቢጫ ድውርፍ የተባለውን የቫይረስ በሽታ እንዲቋቋም ያደረገው ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ነባር ገብስ ነው። ያ ገብስ ሳይሰበሰብ በፊት ሌላ ዘር ተክቶት ቢሆን ኖሮ የሚገኝ ነገር አልነበረም።

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አዲስ ዘር ወደ ቀበሌው ከመግባቱ በፊት፣ በተለይም የዘር ጥያቄ በሚሰበሰብበት ወቅት፣ ሁለትና ሦስት ቀን መድቦ መዞር ይበቃል። ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ከእነርሱም ይልቅ ዘር መርጠው ጎተራ የሚያስገቡትን እናቶች ጠይቁ፤ የዘሩን ጠባይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። የሳይንስ ስሙን አትፈልጉ፤ እንዳያችሁት ሊቃውንቱም አልተስማሙበትም። ገበሬው በቋንቋው የሚጠራበትን ስም እንደ ሰማችሁት ጻፉ። ቦታው፣ ከፍታው፣ አፈሩ፣ የሚዘራበትና የሚደርስበት ወር፣ ለእንጀራ ይሁን ለጠላ ወይም ለቆሎ የሚፈለግ መሆኑ፣ ውርጭና በሽታ እንዴት እንደሚያደርገው፣ በጎተራ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይጻፍ። አንድ ደብተር በቂ ነው፤ ሠራተኛው ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ይዞት እንዳይሄድ ግን ደብተሩ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከጋራ መሬታቸው አንድ ጥግ ለነባር ዘር ቢመድቡ መልካም ነው። የእህል ዘር ደርቆ ከብርድ ክፍል ከገባ ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ በአዲስ አበባ ከ1976 ጀምሮ ይህ ሥራ ሲሠራ ኖሯል፤ ዛሬም የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይዞታል። ሆኖም ድንችና እንሰት እንደዚያ አይቀመጡም፤ መተከል አለባቸው። ለድንች ከየዓይነቱ ጤናማ የሆኑ ሃያና ሠላሳ ፍሬዎችን ከበሽተኛ ማሳ አርቆ በየዓመቱ መትከል ይበቃል። ከምርት በኋላ በጨለማ ጎተራ ሳይሆን ብርሃን በሚያገባ የዘር ማከማቻ ላይ በስሱ ይዘርጉ። ዓይነቶቹ እንዳይቀላቀሉ ለእያንዳንዱ መለያ ይደረግለት፤ አንዱ ከሳጥኑ ውስጥ፣ ሌላው ከውጭ። ጽሕፈቱም በእርሳስ ይሁን፤ የእስክርቢቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል።